የፀሐይ ኃይልና የውኃ ጉድጓድ፦ በመካከላቸው ስላለው መለወጫ

በአዲስ አበባ በሥላሴ አካባቢ የሚኖር ሰው ማታ ስልኩን ቻርጅ ሲያደርግ፣ ከሶኬቱ የሚመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንት በትንሿ ቻርጀር ውስጥ አልፎ ብዙውን ጊዜ ወደ 5 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንት ይለወጣል። በወላይታ ሶዶ የሚገኘው ታላቅ የኤሌክትሪክ መለወጫ ጣቢያም የሚያከናውነው በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ኃይሉን ወደ 500 ሺህ ቮልት ቀጥተኛ ኮረንት ለውጦ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ወደ ኬንያ ይልካል። የዚህ ኃይል ሽያጭ የተጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። በትንሹም ሆነ በትልቁ መሣሪያ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ተንቀሳቃሽ አካል የሌላቸው የኤሌክትሮኒክ ማብሪያና ማጥፊያዎች ናቸው። የትምህርቱም ዘርፍ ፓወር ኤሌክትሮኒክስ ይባላል።

ጉዳዩ ድርቅን ለምን ይመለከታል?

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ከ500 ሺህ በላይ ሰዎች፣ አያሌዎቹም ያለ ፈቃዳቸው፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሠፍሩ መደረጉ ይታወቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ሕዝብ ቢሠፍርም፣ በቀዬው ቢረዳም የመጀመሪያው ጥያቄ ውኃ ነው። የናፍጣ ፓምፕ ነዳጅ ካልደረሰለት ይቆማል። የፀሐይ ፓምፕ ይህን ችግር ያስወግዳል፤ ነገር ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ለምሳሌ ያህል ከ100 ሜትር ጥልቀት በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ውኃ ለማውጣት፣ ውኃውን ለማንሣት ብቻ 1.36 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። ፓምፑና ሞተሩ ከሚወስዱት ኃይል ግማሹን ብቻ ለሥራ የሚያውሉ ከሆነ ፍላጎቱ 2.7 ኪሎ ዋት ገደማ ይደርሳል። በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 30 ሺህ ሊትር ይገኛል፤ ይህም ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር በሚለው ዝቅተኛ የእርዳታ መለኪያ ለ2,000 ሰዎች ይበቃል። መለወጫው የተበላሸ ዕለት ግን ሰሌዳዎቹ ደኅና ሆነው ሳሉ፣ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ በየቀኑ ሦስት ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል።

መለወጫው ምን ይሠራል?

አንደኛ፣ ደመና ሲያልፍና ፀሐይ ስትበረታ ሰሌዳዎቹ ሊሰጡ የሚችሉትን ከፍተኛ ኃይል እየተከታተለ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ቀጥተኛውን ኮረንት ሞተሩ ወደሚፈልገው ዓይነት ይለውጣል። ሦስተኛ፣ ሞተሩን በዝግታ አስነሥቶ ከጉዳት ይጠብቀዋል። ትልቁ ጠላቱ ሙቀት ነው። በውስጡ ያሉ አንዳንድ ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው።

አዳዲሶቹ እርምጃዎች

ቀድሞ ማብሪያና ማጥፊያዎቹ የሚሠሩት ከሲሊኮን ነበር፤ አሁን ግን ሲሊኮን ካርባይድና ጋሊየም ናይትራይድ በሰፊው እየገቡ ናቸው። እነዚህ ፈጥነው ስለሚከፈቱና ስለሚዘጉ የሚባክነው ኃይል ያንሳል፤ የመሣሪያውም መጠን ይቀንሳል። ከዋናው መስመር ርቆ ለሚገኝ መንደር ደግሞ የራሱን ቮልቴጅ አጽንቶ የሚይዝ ኢንቨርተር ክሊኒኩንና ወፍጮውን በአንድ አነስተኛ መረብ ለማገናኘት ያስችላል።

ያለ ሽቦ ኃይል መሙላትም እየተስፋፋ ነው። መሠረቱ ፋራዴይ በ1831 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የደረሰበት ግኝት ነው፤ በአንዱ ጥቅል ሽቦ የሚለዋወጥ ኮረንት በአቅራቢያው ባለው ሌላ ጥቅል ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ለመኪናዎች በወጣው ደረጃ ድግግሞሹ 85 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው። አቧራና ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ ለሌለው መብራት ወይም የመገናኛ መሣሪያ ይጠቅማል። ሆኖም ጥቅሎቹ ሲራራቁ ወይም ፊት ለፊት ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ኃይል ይባክናል። ስለዚህ ፀሐይ በቆጠበችው ኃይል ለሚተዳደር የእርዳታ ጣቢያ ሽቦው እስከ ዛሬ ይመረጣል።

ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

መሣሪያ ከመረከብ በፊት መለወጫው የሚቀመጥበት ጥላና ነፋሻ ስፍራ፣ ከመብረቅ መከላከያውና ከምድር ጋር የሚያገናኘው ሽቦ መኖራቸው መረጋገጥ አለበት። መለዋወጫው በቅርብ ከተማ እንዲቀመጥ፣ ከመንደሩም ሁለት ሰዎች ጽዳቱንና የብልሽት ምልክቶቹን እንዲማሩ ማድረግ ይገባል። የሰሌዳው ብዛት በሪፖርት ላይ ይቆጠራል፤ የሕዝቡ ጀሪካን የሚሞላው ግን መለወጫው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።