የሁዳዴ ጎመን

መስከረም ሲጠባ «ጎመን ምንቸት ውጣ፣ ገንፎ ምንቸት ግባ» እንላለን። ጎመኑ ግን ያን ጊዜ ጓሮ ሞልቷል። በሰቆጣ አካባቢ ዝናቡ ቶሎ ይቆማል፤ ጎመኑም ይደርቃል። ሁዳዴ ሲገባ ቅጠል ከየት ይመጣል? ቅጠል፣ ወተትና እንቁላል ለብዙ ጊዜ ያጣ ልጅ ዳፍንት ሊይዘው ይችላል፤ ሲመሽ አያይም።

ስለዚህ ከወዲሁ እናድርቀው። ለጋውን ቅጠል ቀንጥሱና እጠቡ። ወፍራሙን አገዳ ለከብት ስጡ። ቅጠሉን በፈላ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነክራችሁ አውጡ። ሰዓት ከሌለ፣ ቀለሙ ደመቅ ሲል ይበቃዋል። ከዚያ ሰፌድ ላይ ሳትደራርቡ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስጡት። ፀሐይ ላይ አይሁን። እኛ ከከተማ የመጣነው መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አስጥተነው ጭድ መሰለ። ያስጠጉን እናት ሳቁብን። እውነታቸውን ነው፤ ለዓይን የሚበጀውን ቫይታሚን ኤ ፀሐይ ያጠፋዋል።

ሲጨብጡት ተንኮሻኩሾ ከተሰባበረ ደርቋል። እርጥበት ከቀረው ይሻግታል፤ የሻገተ አይበላም። 10 ኪሎ ጎመን ሲደርቅ ከ1 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም፤ አንድ እንስራ ብዙ ይይዛል። እንስራው ደረቅ ይሁን፣ አፉም ይገጠም።

ወጥ ሲሠራ አንድ እፍኝ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉ። ውሃውን አትድፉት፤ ሽሮው ውስጥ ይግባ።