ጥቆማ እና ማስረጃ፦ «ሾፌሩ ሰክሯል» ሲባል

ከሦስት ቃላት እንነሣ። ጥቆማ አንድ ሰው «ወንጀል ተፈጽሟል» ወይም «እየተፈጸመ ነው» ብሎ ለፖሊስ የሚሰጠው መረጃ ነው። ጥርጣሬ ፖሊሱ ከጥቆማው ወይም ራሱ ካየው ተነሥቶ የሚይዘው ግምት ነው። ማስረጃ የሚባለው ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ተከሳሹ ተከራክሮበት፣ ዳኛ የሚመዝነው ነው።

አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆቦ ላይ ማሽላ ጭኖ ወደ ወልድያ ይጓዛል እንበል። ሮቢትን ሲያልፍ አንድ ሰው ለፖሊስ ደውሎ «የዚያ መኪና ሾፌር ሰክሯል» ይላል፤ ጎብዬ ላይ ትራፊክ ያስቆመዋል። ሾፌሩም «ማንም ስለደወለ ነው የምታስቆሙኝ?» ብሎ ይቆጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እሱ እንደሚጠብቀው አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 11 ለማንኛውም ሰው፣ ድርጊቱን በዓይኑ ባያይም እንኳ፣ ወንጀልን የማመልከት መብት ይሰጠዋል። ቁጥር 22 ደግሞ ፖሊስ የደረሰው መረጃ አጠራጣሪ ቢመስለውም እንዲመረምር ያዝዛል። መኪና ማስቆምም ለትራፊክ የዘወትር ሥራው ነው።

እስካሁን ያየነው ጥቆማ ምርመራን እንደሚያስጀምር ነው። ያስጀምራል እንጂ ጥፋተኛ አያሰኝም።

ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ ክርክሩ ከመነሻው ይጀምራል፤ ማስቆሙ ሕገ ወጥ ከሆነ ከዚያ በኋላ የተገኘው ማስረጃ ውድቅ ሊሆን ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2014 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ናቫሬት የተባለን ተከሳሽ ጉዳይ መረመረ። አንድ ጠቋሚ «ፒክአፕ መኪና ገፍቶ ከመንገድ አስወጣኝ» ብሎ ደውሎ ነበር። ፖሊሶች መኪናውን ለአምስት ደቂቃ ያህል ተከትለው ሌላ ጥፋት አላዩበትም። ዳኞቹ 5 ለ 4 ተከፍለው ማስቆሙን ሕጋዊ አሉት፤ ጠቋሚው በራሱ ላይ የደረሰውን ወዲያው ተናግሯል፣ የተናገረውም የሰካራም አነዳድ ይመስላል ብለው። የተቃወሙት አራቱ ክርክር ለእኔ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ደህና የነዳ ሰው ሰካራም ነው ማለት ይከብዳል።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ተቀባይነት የለውም ብሎ በግልጽ የሚጠቅሰው በማስገደድ የተገኘን ማስረጃ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያውኑ ልታስቆሙኝ አይገባም ነበር» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ብዙ አያስኬድም። የሚያስኬደው ማስረጃውን መመርመር ነው።

አንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲያይና ምስክሮቹን እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ጠቋሚው ምስክር ሆኖ ከቀረበ ይጠየቅ፦ ሲጠጣ አይተኸዋል? ወይስ መኪናው ሲዋልል ነው ያየኸው? ወይስ ከሌላ ሰው ሰማህ? በመናኸሪያ ተራ ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? ትራፊኩም ራሱ ያየውን ይናገር። «ዓይኑ ቀልቷል» ቢል፣ በቆቦ ቆላ ሙቀትና አቧራ ሲነዳ የቆየ ሰው ዓይኑ ሳይጠጣም ይቀላል። «አፉ ይሸታል» ማለት መጠጣቱን ሊጠቁም ይችላል፤ ምን ያህል እንደጠጣ ግን አይነግርም። ይህን የሚነግረው የትንፋሽ መለኪያው ነው፤ ስንት ሰዓት ተለካ፣ ቁጥሩስ ስንት ነበር፣ ተመዝግቧል ወይ?

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ጠቋሚው ጠላት መሆኑ ሾፌሩ አልጠጣም ማለት አይደለም። መለኪያው ከተፈቀደው በላይ ካሳየ የተራ ጠቡ አያድነውም። ሰክሮ በመንዳት ሰው የገደለ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

ትራፊክ ሲያስቆማችሁ ቁሙ፤ መንገድ ዳር አትሟገቱ። የተያዛችሁበትን ምክንያት፣ አማርኛም ይሁን ትግርኛ ወይም አፋርኛ፣ በሚገባችሁ ቋንቋ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ከታሰራችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ መብታችሁ ነው፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። የቆማችሁበትን ሰዓትና ቦታ፣ የመለኪያውን ቁጥር፣ አብሯችሁ የነበረውን ረዳት ስም ያኔውኑ ጻፉና ያዙ።