በብርሃን መጻፍ

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው። በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። እኛም እንደ እናንተ ጀማሪ ጸሐፊዎች ነበርን።

በ1972 ዓ.ም. ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መቱ አጠገብ ስንሰማራ፣ ለሦስታችን አንድ ካሜራ ነበረችን። ፊልሟ 36 ፎቶ ያነሣል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና «ለልጄ የምልክለት አንሡኝ» አሉን። ከቡናው ጥላ ሥር አቁመን አነሣናቸው። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ መልካቸው አይለይም፤ ጭጋግ መስሏል። በጣም አፈርን።

ጥፋቱን በካሜራዋ ላይ አላከክን። ትልቅ ሌንስና ባለ ብልጭታ መብራት አማረንና ገንዘብ ማዋጣት ጀመርን። ደግነቱ ገንዘቡ አልሞላም፤ ፊልም ገዛንበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራ ዓይን እንደ መስኮት ተከፍቶ ይዘጋል። በጠራ ፀሐይ የአንድ ሰከንድ 250ኛ እጅ ያህል ቢከፈት ይበቃዋል። በጥላና በደመና ግን ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ቆየት ማለት አለበት፤ 15ኛ እጅ ድረስ። በዚህች መካከል እጅ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይደበዝዛል። የኢሉባቦር ክረምት ደግሞ ደመናው መች ይገለጣል! ስለዚህ ክርናችንን ግንድ ላይ ማስደገፍ፣ ትንፋሻችንን መያዝ ለመድን። እርሳስ አያያዝ እንደመልመድ ነው። ሁለት ፊልም አበላሽተናል።

እናትየዋን ዝናቡ ባባራ ጊዜ በራቸው ላይ እንደገና አነሣናቸው። ፎቶውን አይተው «አሁን እኔን መሰልኩ» አሉ። ከጀርባው ስማቸውን ራሳቸው ጻፉበት።