ሽማግሌ መጣ፤ ልፈርም?

«ለእትዬ፣
የምኖረው ደባርቅ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተፋታን ስምንት ዓመት ሆነን። ክንዴን ሰብሮኝ ከታከምኩ በኋላ፣ ወደ ቤቴም ወደ ሱቄም እንዳይደርስ ፍርድ ቤት አዘዘበት፤ እሱም ዳባት ወንድሙ ዘንድ ገባ። አሁን ልጃችን ለጥር ልትዳር ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ከንስሐ አባቴ ጋር መጥተው ‹ትእዛዙ ይነሳ ብለሽ ፈርሚ፤ ሽማግሌ ባዶውን አትመልሺ› አሉኝ። እሱ አልመጣም። ልጄ ‹ያለ አባት ልዳር ነው?› እያለች ታለቅሳለች። አምና የገና ለት ማታ ጠጥቶ መጥቶ በሬን ደብድቦ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። ምን ይሻለኛል?»

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እንቅልፍ የነሳኝ በአንድ መስመር ያለፍሽው የገና ማታ ነው። ትእዛዝ እያለበት ከዳባት ድረስ መጥቶ በር የደበደበ ሰው፣ ትእዛዙ ሲነሳለት ምን ይይዘዋል? ሽማግሌዎቹ ይህን አያውቁም። ንገሪያቸው።

ሽምግልናን አልነቅፍም፤ በአገራችን ስንት ደም የደረቀው በሽማግሌ ነው። ወጉን ግን አንቺም ታውቂዋለሽ። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ «በድያለሁ» ይላል፤ ዳግም ላለመበደልም ዋስ ይጠራል። የቀድሞ ባልሽ በደሉን በአፉ አልተናገረም፣ ዋስም አላቆመም። ስለዚህ እርቁ ገና አልተጀመረም። ሳይጀመር ፊርማ የተጠየቅሽው አንቺ ነሽ።

ሕጉም ቢሆን አያስገድድሽም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ደግሞ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት የቤት ገመና ሳይሆን ወንጀል እንደሆነ ይናገራል። ፍርድ ቤት ያዘዘውን የሚያነሳውም ፍርድ ቤት ነው። ፊርማሽ ግን ዳኛው ፊት ሲቀርብ ክብደት አለው፤ ሰው ከቦሽ፣ ቡና እየተፈላ፣ ልጅሽ እያለቀሰች የሚፈረም ነገር አይደለም።

የንስሐ አባትሽ ይቅር በይ ካሉሽ፣ ልብሽ ከፈቀደ ይቅር በይ። ይቅር ያለች ሴት በሯን መክፈት ግን የለባትም። ይህንኑ ለእሳቸው በግልጽ ንገሪያቸው።

የሚያሳዝነኝ የልጅሽ ነገር ነው። ያኔ ልጅ ነበረች፤ ያየችውንና ያላየችውን አሁን ቁጭ አድርገሽ ንገሪያት። ደግሞም አባት አይከለከልባትም፤ ትእዛዙ የሚከለክለው ያንቺን ቤትና ሱቅ ነው። ከሠርጉ በፊት ዳባት ወርዳ፣ አጎቷ ቤት የአባቷን ጉልበት ስማ ትመረቅ። ሚዜዎቿም አብረዋት ይሂዱ።

አትፈርሚ። እሱ ከፈለገ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያመልክት፤ አንቺም ቃልሽን ዳኛው ፊት ስጪ። ከዚያ በፊት ግን የገናውን ማታ ጉዳይ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ አስመዝግቢ፤ የሰማ ጎረቤት ካለም ይዘሽ ሂጂ። ሠርጉ እስኪደርስ አትጠብቂ።