በጣሊያን ጊዜ ቅድመ አያታችን ምን ይሠሩ ነበር?

ይህን ጥናት የጻፍነው በካርሜ ጋት፣ ቂርያት ጋት ነው። እኛ የተወለድነው እዚሁ እስራኤል ስለሆነ ትምህርታችን ሁሉ በዕብራይስጥ ነው። አማርኛችን ላይ ስሕተት ብታገኙ አርሙን፤ ታሪካችን ላይ ስሕተት ብታገኙ ግን አርማችሁ ብቻ አትተዉን፣ ቁጭ ብላችሁ ንገሩን።

ጥናቱ እንዴት ተጀመረ?

ሰባተኛ ክፍል ስንደርስ ተማሪ ሁሉ «አቮዳት ሾራሺም» የሚባለውን የዘር ሐረግ ጥናት ይሠራል። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ቤተሰባችሁ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የት ነበረ?» የሚል ነበር። የክፍል ጓደኞቻችን ፖላንድ፣ ሩማንያ፣ ትሪፖሊ እያሉ ጻፉ። እኛ ቦታውን ባዶ ተውነው። ያ ጦርነት የእኛን ቤት የነካ አልመሰለንም ነበር።

ማታ ለአያታችን ለእምዬ ስንነግራቸው ተገረሙ። «እንዴት አልነበረም ትላላችሁ? ጣሊያን አገራችንን ይዞ አልነበረም ወይ?» አሉን። «አባትዎ ጀግና ነበሩ ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። «አዎ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አጎታችን ደግሞ «በጦርነቱ ላይ ሞቱ» አሉን። ይህንኑ ጽፈን አስረከብን፤ ጥሩ ነጥብም አገኘን። ነገር ግን «የት ሞቱ? መቼ? ከማን ጋር ሆነው?» ለሚለው መልስ አልነበረንም።

ከታሪክ የተማርነው

የጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን የወረረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935) ነው። ይህም ጀርመን ፖላንድን ከመውረሯ አራት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ማለት ነው። በዚህ ጦርነት ፋሽስቶች የመርዝ ጋዝ ተጠቅመዋል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ በማግስቱ የጣሊያን ጦር ጎንደር ገባ። አዲስ አበባ ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ተያዘች። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው ተገደለ።

ታሪኩ ከእኛ ከአይሁድም ጋር ይገናኛል። የቤተ እስራኤል ልጆች ይማሩበት የነበረውን የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ይመሩ የነበሩት ታምራት አማኑኤል በወረራው ምክንያት ተሰደዱ። ያው የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 የዘር ሕግ አውጥቶ የአይሁድ ልጆችን ከጣሊያን ትምህርት ቤቶች አባረረ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሲሰደዱ መጀመሪያ የመጡት ወደ ኢየሩሳሌም ነበር። በ1933 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሲመለሱ ከእሳቸው ጋር የዘመተውን «የጌዴዎን ኃይል» የመራው እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ልጆች ያደጉበት የሚን ኦርድ የወጣቶች መንደር የተሰየመው በዚሁ ሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢገቡም ጎንደር ግን ገና ነፃ አልወጣችም ነበር። በደባርቅ በኩል ያለው የወልከፊት ምሽግ እጁን የሰጠው በመስከረም፣ ቁልቋል በር የወደቀው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ጄኔራል ናዚ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1941) ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦርነት ያበቃው በእኛ አያቶች አገር ነው ማለት ነው።

ወደ ጎንደር ያደረግነው ጉዞ

እ.ኤ.አ. በ2022 የሐኑካ ዕረፍት ከአባታችንና ከእናታችን ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሄድን። እምዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀሩ። ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን ደረስን። በፒያሳ ጣሊያን የሠራቸው ሕንፃዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ወለቃ ላይ የሸክላ ሥራ የሚሸጡ ሴቶች አየን፤ እናታችን አንዱን ምስል አንሥታ «የእናቴ እጅ ይመስላል» አለች።

ከዚያ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወደ ወገራ ሄድን። መንገዱ ከደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ገደል ይወርዳል፤ ሊማሊሞን ቆርጦ ያወጣው ጣሊያን ነው። የእምዬ መንደር ከዚህ መንገድ ብዙ አይርቅም። ቤታቸው የለም። የቆመበት ቦታ ግን ይታወቃል፤ መሬቱን ጫር ጫር ስናደርገው ጥቁር የብረት ዝቃጭ አገኘን። ቅድመ አያታችን አንጥረኛ ነበሩ፤ ማረሻ፣ ማጭድና ዶማ ይሠሩ ነበር።

ሽማግሌው የነገሩን

በመንደሩ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንድ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ቡና ተፈልቶ ተቀመጥን። «እናቴ ወደ አንጥረኛው ቤት አትሂድ ትለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰው ‹ቡዳ› እያለ ይፈራችሁ ነበርና። እኔ ግን ወናፍ መንፋት እወድ ነበር፤ ተደብቄ እሄዳለሁ» አሉን። ቅድመ አያታችን በጦርነት ላይ እንዳልሞቱም ነገሩን። የሞቱት ጣሊያን ከወጣ በኋላ በተስቦ በሽታ ነው።

ቀጥለው ያሉት ግን አስደነገጠን። «ለጣሊያን መንገድ የሚቆፍረው ሰው ዶማውን የሚያስለው እዚህ ነበር። በሊሬ ይከፈላቸዋል። ባንዳ የሚላቸውም ነበረ።»

እናታችን ዝም አለች። ሽማግሌውም ደከማቸውና ወደ ቤት ገቡ።

ያን ሌሊት ጎንደር ላይ በቤተሰብ ተከራከርን። አባታችን «ልጆች ያሉት ሰው በገዥው ጊዜ ምን ይብላ?» አለ። እናታችን «ይህን ለእምዬ አንነግርም» አለች። እኛ ደግሞ «እንግዲህ በትምህርት ቤት የጻፍነው ውሸት ነው» አልን። በመጨረሻ ነገ ተመልሰን የቀረውን እንጠይቅ ብለን ተስማማን።

በማግስቱ «አባባ፣ ማታ ማታስ ምን ይሠሩ ነበር?» ብለን ጠየቅን። ሽማግሌው ሣቁ። «ይህንን ትናንት ብትጠይቁኝ ኖሮ ትተኙ ነበር» አሉ። አባታቸው ከአርበኞች ጋር ነበሩ። የምንሽር ቃታ ሲሰበር ጠመንጃውን በአህያ ጭነት ጭድ ውስጥ ደብቀው በጨለማ ወደዚያ ቤት ያመጡ ነበር። «ቀን የጣሊያን ዶማ፣ ሌሊት የአርበኛ ምንሽር። እሳቱ እንዳይታይ በሩ ይጋረዳል። ዶማ ሊያስል የሚመጣው ሰው ጣሊያን ነገ ወዴት እንደሚሄድ ያወራል፤ አንጥረኛው ይሰማል፤ አባቴም ይሰማል።»

እንዲህ ያለው ሰው በአማርኛ «የውስጥ አርበኛ» ይባላል። ከጠላት ጋር እየዋለ ለወገኑ የሚሠራ ማለት ነው። ቃሉን የሰማነው ያን ቀን ነው።

ከዚያ መቃብሩን አሳዩን። ስም አልተጻፈበትም። እንደ ልማዳችን ድንጋይ አስቀመጥንበት።

ምስክርነቱን እንዴት አጣራን?

ይህ የአንድ ሰው ቃል ነው፤ የተጻፈ ወረቀት የለም። ስለዚህ ካርሜ ጋት ስንመለስ ለእምዬ ሽማግሌው ያሉትን አስቀድመን አልነገርናቸውም። «እምዬ፣ አባትዎ ማታ ምን ይሠሩ ነበር?» ብቻ ብለን ጠየቅን። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ እንዲህ አሉን፦ «እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። እናቴ ግን ትነግረኝ ነበር። ማታ ማታ ጋቢ በውኃ ነክራ በሩ ላይ ትሰቅል ነበር፤ ብርሃኑ እንዳይወጣ፣ የእሳት ብናኝም እንዳያቃጥለው።»

ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ወገራ ሌላዋ ቂርያት ጋት፣ ሳይመካከሩ ስለ አንድ በር ነገሩን። ስለ ዶማውና ስለ ሊሬው ስንጠይቃቸውም አልደነገጡም። «አውቃለሁ» አሉ። «እናንተ ጀግና ነበር ወይ ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ምን ይሠራ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ያኔውኑ እነግራችሁ ነበር። አጎታችሁም በጦርነት ሞተ ያለው አጭር ስለሆነ ነው። ረጅሙን ማን ይሰማል?»

ከጥናቱ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ስሕተቱ የእምዬ አልነበረም፤ የጥያቄያችን ነበር። «ጀግና ነው ወይስ ባንዳ?» ብሎ የሚጠይቅ ሁለት መልስ ብቻ ያገኛል። ቅድመ አያታችን ሁለቱንም እሳት በአንድ ወናፍ ያነድዱ ነበር፤ ልጆቻቸውንም አሳደጉ። ያን ሁሉ የሚይዝ ጥያቄ «ምን ይሠሩ ነበር?» የሚለው ነው።

አሁን ለምን ጻፍነው?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ስለ ተነሣ ወደዚያ መንደር አልተመለስንም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ደግሞ እዚህም የምናውቀው መከራ ሆነ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ከኒር ዖዝ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ወደ ሰፈራችን ወደ ካርሜ ጋት መጡ። ሰዎቹ የደረሰባቸውን ሲናገሩ፣ ሲመዘገብላቸውና ሲቀረጽላቸው አየን። የእኛ ሽማግሌዎች የጣሊያንን ጊዜ፣ የሱዳንን መንገድ፣ በመንገድ የቀሩትን በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን በልባቸው ይዘው በዚያው ሰፈር ይኖራሉ። ብዙዎቹን ማንም አልጠየቃቸውም። የጣሊያንን ጊዜ በዓይናቸው ያዩት ደግሞ ዛሬ በጣም ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ ወላጆቻችን፣ በመጪው ሰንበት ልጆቻችሁ እነዚህን ሲጠይቋችሁ አትሰልቹ፦

1. ወላጆችዎ በጣሊያን ጊዜ ቀን ምን ይሠሩ ነበር? ማታስ?
2. በመከራ ጊዜ የረዳችሁ ጎረቤት ማን ነበር? የጎዳችሁስ?
3. ከመንደሩ ስትወጡ ምን ትታችሁ መጣችሁ?
4. መቃብራቸው የት ነው? ቦታውን የሚያውቅ ሰው አሁን ማን አለ?

መልሱ አጭር ከሆነ ልጆቹ ነገ እንደገና ይጠይቁ። ረጅም ከሆነም ሥልካቸውን አውጥተው ይቅረጹ። እኛ የእምዬን ድምፅ ቀርፀናል፤ አሁን ደግሞ ሳንጠይቃቸው ራሳቸው ይጠሩናል።