ከአምቦ እስከ ባኮ ከውሻ ጋር በእግር

ከአምቦ ተነስቶ በጉደር፣ በጌዶና በኢጃጂ አድርጎ ባኮ የሚያደርሰው መንገድ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ጌዶ ሲወጣ አየሩ ይበርዳል፤ ከዚያ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁል ሲወረድ ባኮ 1,650 ሜትር አካባቢ ላይ በሙቀቷ ትቀበላለች። ሰው ላቡን እያፈሰሰ ይችለዋል። ውሻ ግን ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። ስለዚህ የቀኑን ርቀት፣ የእረፍቱን ሰዓትና የማደሪያውን ቦታ የእሱ አቅም ይወስን። ይህን የማይቀበል ሰው ውሻውን ቤት ቢተወው ይሻላል።

ባሌና ሰሜን ተራሮችስ ለምን አይሆኑም? እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ የእብድ ውሻ በሽታም የሚጋባበት ከውሻ ነው። ወደዚያ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ጉዞው የሚጀመረው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በእንስሳት ክሊኒክ ነው። የእብድ ውሻ ክትባት አስከትቡት፤ የመጀመሪያው ከሆነ ሰውነቱ መከላከያ እስኪያዳብር ሳምንታት ይፈልጋል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። የክትባቱን ወረቀት ያዙ። የሆድ ትልና የመዥገር መድኃኒት ጨምሩ። በጊቤ ሸለቆ ከብት የሚያከሳው ገንዲ ውሻንም ይይዛልና ሐኪሙን ስለ እሱ ጠይቁት። በዚያው ወር ውሻውን በ5 ኪሎ ሜትር ጀምራችሁ ቀስ በቀስ እስከ 15 አለማምዱት። ዓመት ያልሞላው ቡችላ አጥንቱ ስላልጠና ለዚህ ጉዞ አይሆንም።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ጥሩ ጊዜ ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ምንጩም አልደረቀም። ከመነሳታችሁ በፊት የየወረዳውን አስተዳደርና ፖሊስ ስለ ፀጥታው ጠይቁ። አስተማማኝ መልስ ካላገኛችሁ ቀኑን አዘዋውሩ።

መንገድ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተጓዙ፣ እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር እረፉ፣ 11 ሰዓት ሳይሆን ስፈሩ። በቀን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይበቃል። አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ፈትኑት፤ ለሰባት ሰከንድ ካላስቻላችሁ የውሻው መዳፍም ይቃጠላል። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ቁጭ ብሎ እንኳ በቀን አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይጠጣል፤ ለጉዞ ከዚያ እጥፍ ያዙ። ከራሱ ሳህን አጠጡት እንጂ ሰው ከሚቀዳበት ምንጭ ወይም ከጠበል አታስጠጉት። ምራቁ ከወፈረና ከተንገዳገደ ወዲያው ቁሙ፤ ሆዱንና ብሽሽቱን በውኃ እያራሳችሁ አራግቡት።

ከምግብ ቤት የተረፈ ወጥ አይሰጥም፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ቅንጬ፣ ደረቅ ዳቦና የተቀቀለ ሥጋ ያለ አጥንት ይስማሙታል። በመንገድ ዳር የተጣለ ሥጋ እንዳያነሳ ተጠንቀቁ፤ ለጅብ ወይም ለባዘነ ውሻ የተመረዘ ሊሆን ይችላል።

የሚያስቸግረው የመንደር ውሻ ነው። በግና ጥጃ ባለበትም፣ ጤፍና በቆሎ ባልታጨደበት ማሳ ዳርም ውሻችሁን አጭር አድርጋችሁ እሰሩ። ውሻ ሲመጣባችሁ አትሩጡ፤ ከሩቅ በኦሮምኛ «ሳሬ ኬሰን ናፍ ቀባ» ብላችሁ ውሻቸውን እንዲይዙላችሁ ባለቤቶቹን ለምኑ። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ሌሊቱ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ጅብ ውሻ ይበላል፤ ከድንኳን ውጭ የታሰረ ውሻ ደግሞ መሸሻ የለውም። ስለዚህ ጫካ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር አትደሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ አንድ ቤት ቀርባችሁ አባወራውን በአክብሮት ሰላም በሉ፣ ውሻ እንዳላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ በአጥሩ ውስጥ ለመስፈር ፈቃድ ጠይቁ። ውሻ ወደ ቤታቸው እንዳይገባ ያዙት፤ ብዙ ሰው አይወድም፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አጠገብማ ጨርሶ አይሆንም። የግቢውን ውሻ ባለቤቱ እስኪያስተዋውቃችሁ ድረስ የእናንተን አትፍቱት። ሲመሽ ውሻው ከእናንተ ጋር ድንኳን ውስጥ ይግባ፣ ምግብ ደግሞ ከድንኳኑ ርቆ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ለሽንት ብቻውን አትልቀቁት፤ ባትሪ ይዛችሁ በገመድ አውጡት። ጠዋት ጆሮውን፣ ብብቱንና የጣቱን መሃል ለመዥገርና ለእሾህ ፈትሹ።

መመለሻውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ከባኮ አውቶቡስ ውሻ ላይጭን ይችላል፤ ፒካፕ ያለው ሰው ፈልጋችሁ ዋጋ ቁረጡ። ቤት ከገባችሁ በኋላም ለአንድ ወር ያህል ድዱን እየገለጣችሁ እዩ። ከነጣ፣ ውሻው ከከሳ ወይም ትኩሳት ካለው ሐኪሙ የደም ምርመራ እንዲያደርግለት ውሰዱት፤ ጊቤ ሸለቆ እንደነበራችሁም ንገሩት።