ገላጭ ድርሰት፦ የመሣሪያን አሠራር በጽሑፍ ማስረዳት

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርት ተራኪ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ የአንድ መሣሪያ አሠራር በጽሑፍ እንዴት እንደሚገለጽ ትማራላችሁ። በተራኪ ድርሰት ውስጥ አንዲት ቃል ብትላላ ታሪኩ ይደበዝዝ ይሆናል እንጂ በሰው ላይ ጉዳት አይደርስም። የአሠራር ገለጻን ግን ሌላ ሰው አንብቦ በእጁ ይሠራበታል። ስለዚህ የላላች ቃል ንብረት ልታቃጥል፣ ሕይወትም ልታጠፋ ትችላለች።

ለምሳሌ የመረጥነው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባትሪን ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሏን ካስታወቀች ወዲህ ጉዳዩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ፦ የባትሪው ዘበኛ

የእጅ ባትሪ በሁለት ወይም በሦስት ድንጋዮች እንደሚሠራ ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባትሪም ሴል የሚባሉ ብዙ የኃይል ማከማቻዎች ተያይዘው የሚሠሩት ነው። ለአንድ አነስተኛ ተሽከርካሪ 16 የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴሎች በተርታ ተያይዘዋል እንበል። የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.2 ቮልት ነው፤ የ16ቱ ድምር 51.2 ቮልት ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ብቻቸውን ተሽከርካሪ ማንቀሳቀስ የማይችሉት ሴሎች ሲተባበሩ ሰውና ጭነት ይጎትታሉ።

ይሁን እንጂ ኅብረቱ ድክመትን ይሸፍናል። አንድ ሴል ሲሞላ ከ3.65 ቮልት ማለፍ፣ ሲጎድልም ከ2.5 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ሴሎች ከአንድ ፋብሪካ ቢወጡም የመያዝ አቅማቸው ፍጹም እኩል አይደለም፤ ደካማው ቀድሞ ይሞላል፣ ቀድሞም ይጎድላል። ቻርጀሩ ግን የሚያየው ድምሩን ብቻ ስለሆነ፣ 58.4 ቮልት እስኪደርስ ድረስ መሙላቱን አያቆምም። አሁን 15ቱ ሴሎች እያንዳንዳቸው 3.60 ቮልት ላይ ሳሉ ደካማው 4.40 ቮልት ደረሰ እንበል። ድምሩ ልክ 58.4 ነው። አማካዩም 3.65 ነው። በሒሳቡ ላይ ምንም ስሕተት አይታይም፤ አንዱ ሴል ግን ከወሰኑ እጅግ አልፏል። እንዲህ ያለ ሴል ይሞቃል፣ ያብጣል፤ ከባሰም ጭስና እሳት ያስከትላል።

ስለዚህ ባትሪው ዘበኛ ያስፈልገዋል። ይህን መቆጣጠሪያ በራሱ የሚነድፍ ሰው አራት ተግባሮችን በቅደም ተከተል ያስባል።

በመጀመሪያ መለካት ነው። የ16ቱን ሴሎች ቮልቴጅ ለየብቻ ለመለካት 17 ቀጫጭን ሽቦዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ከመነሻው፣ የቀሩት ከየሴሉ መጨረሻ ይሳባሉ። እያንዳንዱ ሽቦ ፊውዝ ይደረግለታል። የሙቀት መለኪያም በሴሎቹ መካከል ይቀመጣል፤ ሴሎቹ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቀዝቅዘው ሳለ ቢሞሉ ይጎዳሉና።

ሁለተኛው መወሰን ነው። መቆጣጠሪያው አማካዩን ሳይሆን ከሁሉ ከፍተኛውንና ከሁሉ ዝቅተኛውን ሴል ተመልክቶ ይፈርዳል።

ሦስተኛው ማቋረጥ ነው። ከቻርጀሩ ለሚመጣው ኃይልና ወደ ሞተሩ ለሚሄደው ኃይል የየራሳቸው ማቋረጫ ይደረግላቸዋል። ማቋረጫው መቆጣጠሪያው ሲበላሽ በራሱ የሚከፈት መሆን አለበት። የመለኪያ ሽቦ ቢበጠስም መቆጣጠሪያው የዘበኛውን ዝምታ እንደ ደኅንነት ምልክት ሊቆጥረው አይገባም። በሌላ በኩል በመንገድ ላይ ያለ ተሽከርካሪ ኃይሉ በድንገት ቢቋረጥበት አደጋ ስለሚደርስ፣ ሴል እየጎደለ ሲሄድ መቆጣጠሪያው አስቀድሞ ሾፌሩን ያስጠነቅቃል፤ ቀጥሎ ኃይሉን ይቀንሳል፤ በመጨረሻ ያቋርጣል።

አራተኛው ማመጣጠን ነው። ቀድሞ በሞላው ሴል ላይ 36 ኦም ሬዚስተር ቢገናኝበት፣ በ3.6 ቮልት 0.1 አምፔር ያህል ያፈስለታል። ትርፉ 2 አምፔር ሰዓት ቢሆን ለማፍሰስ 20 ሰዓት ይፈጃል። ማመጣጠን የትዕግሥት ሥራ ነው።

ሐ. ማብራሪያ

አንድ ተማሪ ምንባቡን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልሎ «ባትሪው ሲሞላ ኃይሉ ይቋረጥ» ብሎ ቢጽፍ፣ በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎችን ያስነሣል።

1. «ባትሪው» ያለው ጠቅላላውን ነው ወይስ እያንዳንዱን ሴል? ጠቅላላውን ካለ፣ ከላይ ያየነው አደጋ ይደርሳል።
2. «ሲሞላ» ማለት በመሙላት ላይ ሳለ ነው ወይስ ሞልቶ ሲያበቃ?
3. «ኃይሉ» የቻርጀሩ ነው ወይስ የሞተሩ?

ዐረፍተ ነገሩ እንደሚከተለው ቢታረም ሦስቱም ጥያቄዎች ይመለሳሉ፦ «ከ16ቱ ሴሎች የአንዱ እንኳ ቮልቴጅ 3.65 ከደረሰ፣ ከቻርጀሩ ወደ ባትሪው የሚመጣው ኃይል ይቋረጥ።» እዚህ ላይ «አንዱ እንኳ» የሚለውን ሐረግ አስተውሉ። በቦታው «ሁሉም» ብንል ደካማው ሴል ሌሎቹን ሲጠብቅ ይቃጠላል። አማካይ ደካማውን ሴል እንደሚሸፍን ሁሉ፣ ጥቅል ስምም መታየት ያለበትን ነገር ይሸፍናል። እንግዲህ አሠራርን ስትገልጹ ማን፣ መቼ፣ ምንን፣ ምን ያህል የሚሉትን ጥያቄዎች ሳትመልሱ ዐረፍተ ነገራችሁን አትዝጉ።

መ. መልመጃ

1. 15ቱ ሴሎች እያንዳንዳቸው 3.1 ቮልት፣ አንዱ ደግሞ 1.5 ቮልት ቢሆኑ ድምሩ ስንት ይሆናል? ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ለምን ይሳሳታል? በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።
2. «ሲሞቅ ያስጠንቅቅ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የሚያሻማ እንዳይሆን አድርጋችሁ ጻፉ።
3. በምንባቡ ውስጥ ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱትን ቃላት አውጥታችሁ በራሳችሁ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አስገቡ።
4. በቤታችሁ ካለ ከአንድ መሣሪያ አሠራር ላይ በሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ከዚያም መሣሪያውን የማያውቅ ጓደኛችሁ አንብቦ የተረዳውን እንዲነግራችሁ አድርጉ፤ የተሳሳተበትን ቦታ አርሙ።

ማስታወሻ፦ በምንባቡ የተገለጸው ንድፍ ለጽሑፍ ልምምድ የቀረበ ነው። የሊቲየም ባትሪ ያለ ባለሙያ ርዳታ መፍታትም ሆነ መገጣጠም አደገኛ መሆኑን አትዘንጉ።